እጅ ከሐሳብ ሲቀድም፦ ሳናውቀው የሚነዳንን አመል ለማግኘትና ለመለወጥ ዝርዝር መመሪያ

ከሥራ ውሎ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ቱሉ ዲምቱ የወረደ ሰው ወደ ቤቱ መሄዱን ትቶ ወደ ግሮሰሪው ሲያቀና «ለምን?» ብንለው መልስ አያጣም። «ደክሞኝ ነው»፣ «መንገዱ አማርሮኝ ነው»፣ «ትንሽ ልቀመጥ ብዬ ነው» ይለናል። እየዋሸ አይደለም፤ ነገር ግን መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ግምት ነው። እግሩ የታጠፈው ምክንያቱን ሳያስብ ነበር። ምክንያቱን ያገኘው ሲጠየቅ ነው።

ሪቻርድ ኒዝቤት እና ቲሞቲ ዊልሰን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ጉዳይ በቀላል ሙከራ አሳይተዋል። ለገበያተኞች አራት ጥንድ የናይለን ስቶኪንግ ደርድረው የተሻለውን እንዲመርጡ ጠየቋቸው። አራቱም አንድ ዓይነት ነበሩ። ሰዎቹ በብዛት የመረጡት በስተቀኝ ዳር የተቀመጠውን ነው። ምክንያቱን ሲጠየቁ ስለ ዕቃው ጥራት ተናገሩ እንጂ «ዳር ላይ ስለነበር ነው» ያለ አልተገኘም።

በዚህ የተነሳ ሥራችንን «ለምን?» ከሚለው ጥያቄ አንጀምርም። የምንጠይቀው «የት? ስንት ሰዓት ላይ? ከማን ጋር? ከምን ቀጥሎ? ከዚያስ ምን ሆነ?» ብለን ነው። ሙሉ ሥራው ከሦስት ወር ያላነሰ ጊዜ ይፈልጋል፦ አንድ ሳምንት ለመመዝገብ፣ አንድ ሳምንት ያህል ለመፈተሽ፣ የቀረው ለመለወጥ። ምሳሌዎቹ ከአዲስ አበባ ዳር ኑሮ የተወሰዱ ናቸው፤ ከየካ አባዶ፣ ከአራብሳ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከጀሞ። ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ከመሸ የሚመለስ ሰው ቀኑ በተመሳሳይ ቦታና ሰዓት የተሞላ ነው። አመል ደግሞ ድግግሞሽ ባለበት ይበረታል።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ዌንዲ ዉድ እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች በየሰዓቱ የሚሠሩትንና በዚያው ቅጽበት የሚያስቡትን እንዲመዘግቡ አደረጉ። ከተመዘገቡት ድርጊቶች 43 በመቶ ያህሉ በየቀኑ ለማለት በሚቻል መጠን፣ ብዙውን ጊዜም በአንድ ቦታ የሚደጋገሙ ነበሩ። እነዚህ ድርጊቶች በሚሠሩበት ጊዜ ሐሳብ በአብዛኛው ሌላ ቦታ ነው።

ይህን ሥራ በዋናነት የሚይዙት በአንጎል ጥልቅ ክፍል የሚገኙት ቤዛል ጋንግሊያ የሚባሉት ናቸው። በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ አን ግሬይቢል የምትመራው ቤተ ሙከራ አይጦች መንገድ ሲለማመዱ በእነዚህ ክፍሎች ያለውን የነርቭ እንቅስቃሴ ተከታትሏል። መጀመሪያ ላይ እንቅስቃሴው በሩጫው ሁሉ ይታይ ነበር። አይጦቹ መንገዱን ከለመዱት በኋላ ግን በመነሻውና በመድረሻው ላይ ጎልቶ፣ መሐሉ ላይ ቀነሰ። ለእኛ ሥራ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ግኝት የለም ማለት ይቻላል። አመል አንዴ ከተነሳ መሐሉ ላይ ለመያዝ በጣም ያስቸግራል። የሚያዘው ከመነሳቱ በፊት ባለው ቀስቃሽ (ድርጊቱን በሚያስነሳው ሰዓት፣ ቦታ፣ ሰው ወይም ስሜት) ወይም በመጨረሻው ላይ በሚገኘው እፎይታ በኩል ነው። ሁለተኛውን ጠርሙስ ይዞ «አሁን ልተው» የሚል ሰው ከሁሉም የከበደውን ቦታ መርጧል።

ሌላው ነገር፣ አመል ደስታ ባይሰጥም ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ዴቪድ ኒል፣ ዌንዲ ዉድና ባልደረቦቻቸው ሲኒማ ለገቡ ሰዎች ፈንዲሻ አደሉ፤ ለግማሹ ትኩስ፣ ለግማሹ አንድ ሳምንት ያደረ። ሲኒማ ቤት ፈንዲሻ መብላት የለመዱት ሰዎች ያደረውንም እንደ ትኩሱ በሉት፤ እንደማይጥም ግን ራሳቸው ተናግረዋል። ያንኑ ፈንዲሻ በስብሰባ አዳራሽ ሲሰጣቸው ያደረውን ተዉት። ሲኒማው ውስጥ ሆነውም በማይቀናቸው እጅ እንዲበሉ ሲደረግ እንደዚሁ ቀነሱ። እንግዲህ ሰውየውን ያስበላው የፈንዲሻው ጣዕም አልነበረም፤ ወንበሩ፣ ጨለማውና የለመደ እጁ ነበሩ። «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» የሚለው ተረት ጥፋቱን ሁሉ በጦጣዋ ላይ ይጥላል። ይህ ሙከራ ግን እርሻው የት እንዳለ እንድንመለከት ያደርገናል።

1. አንድ ድርጊት ይምረጡ

«ሰነፍ ነኝ»፣ «ገንዘብ አያያዝ አላውቅም»፣ «ግልፍተኛ ነኝ» የሚሉት ለዚህ ሥራ አይሆኑም። የጠባይ ፍርዶች ስለሆኑ ሰዓትና ቦታ አይገኝላቸውም። «ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ አልጋ ላይ ሆኜ ቲክቶክ እከፍታለሁ»፣ «ከሱቁ በዱቤ ሲጋራ እወስዳለሁ»፣ «ልጄ የቤት ሥራውን ሲሳሳት እጮኻለሁ» የሚሉት ግን ይሆናሉ። መለኪያው ሦስት ነው፦ አጠገብዎ የቆመ ሰው ሊያየው የሚችል፣ መነሻው የሚታወቅ፣ በሳምንት ቢያንስ አራት ጊዜ የሚደጋገም። በወር አንድ ጊዜ የሚመጣ ነገር በአንድ ሳምንት ምዝገባ መልኩን አያሳይም።

ሁለት ወይም ሦስት አመል በአንድ ጊዜ አይጀምሩ። መካከለኛ ክብደት ያለውን ቢያስቀድሙ ይሻላል። በጣም ቀላሉ የሚያስተምረው የለም፤ በጣም ከባዱ ደግሞ ዘዴውን ገና ሳይለምዱት ተስፋ ያስቆርጣል።

2. ሰባት ቀን ይመዝግቡ፤ ምንም አይለውጡ

የሚያስፈልገው ኪስ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። በስልክ ባይመዘገብ እንመርጣለን፤ ለመመዝገብ የተከፈተ ስልክ የቴሌግራም መልእክት ያሳያል፣ ራሱም ቀስቃሽ ይሆናል። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ስድስት ነገር ይጻፉ፦

ሰዓት። ቦታ (እስከ በሩና ወንበሩ ድረስ)። አብሮ ያለ ሰው። ከዚያ በፊት የሠሩት የመጨረሻ ድርጊት። የሰውነትና የስሜት ሁኔታ፣ ከሦስት ቃል ሳይበልጥ። ከድርጊቱ በኋላ ወዲያው የተሰማዎት ነገር።

ለምሳሌ አንድ ገጽ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡20። ግሮሰሪ፣ በረንዳው ላይ። ብቻዬን። ከሃይገር ወረድኩ። እግር ዝሏል፣ ርሃብ። ሁለት ቢራ፤ ትከሻዬ ቀለለኝ።» ይህ ይበቃል። ረጅም ታሪክ መጻፍ ሲጀመር ሰውየው ሳያውቀው ወደ «ለምን?» ይመለሳል፤ ደብተሩም በክርክር ይሞላል።

መዝገቡ መሞላት ያለበት ድርጊቱ በተፈጸመ በ10 ደቂቃ ውስጥ ነው። ማታ በአልጋ ላይ ተሰብስቦ የሚጻፍ መዝገብ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ትዝታ ክፍተቱን በሚመስል ነገር ይሞላዋል። ከረሱ «ተረስቷል» ብለው ሰዓቱን ብቻ ያስፍሩ። ከጊዜ በኋላ የተረሱት ራሳቸው ይናገራሉ፤ ሁልጊዜ ከአንድ ሰው ጋር ሲሆኑ ብቻ የሚረሱ ከሆነ፣ ያ ሰው መዝገቡ ውስጥ መግባት አለበት።

ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ድርጊቱ በራሱ ሊቀንስ ይችላል። ራስን መመዝገብ ብቻውን ጠባይን ለጊዜው እንደሚለውጥ የታወቀ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ተውኩት!» ብሎ ደብተሩን ይጥላል፤ በሁለተኛው ሳምንትም ወደ ነበረበት ይመለሳል። የቀነሰ ቢመስልም ሰባቱን ቀን ይጨርሱ። ወጪ ነክ አመል ከሆነ ምዝገባውን ወደ ሁለት ሳምንት ያራዝሙና ደመወዝ የሚወጣበትን ቀን ያካትቱ። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰውም የጾሙን ቀን ለይቶ ምልክት ያድርግበት።

3. ቀስቃሹን ከመዝገቡ ያውጡ

በስምንተኛው ቀን ደብተሩን ይዘው ለግማሽ ሰዓት ይቀመጡ። ሰዓት፣ ቦታ፣ ሰው፣ ቀዳሚ ድርጊት፣ ስሜት የሚሉትን አምስቱን ዓምዶች አንድ በአንድ ይቁጠሩ። ከአሥር መዝገብ በሰባቱ ወይም ከዚያ በላይ የተደጋገመው ነገር ዋናው ተጠርጣሪ ነው።

ችግሩ የከተማ ዳር ኑሮ ዓምዶቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ሁልጊዜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ ሁልጊዜ በዚያው መውረጃ፣ ሁልጊዜ ተርቦና ቆሞ መጥቶ። ከእነዚህ የትኛው ነው የሚነዳው? ለመለየት አንዱን ብቻ ይነቅሉና ሌሎቹን ይተዉ። ለሁለት ቀን አንድ ፌርማታ አስቀድመው ወርደው በሌላ ጎዳና ይግቡ፤ ሰዓቱ፣ ድካሙ፣ ርሃቡ ያው ነው፣ የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው። በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት በተለመደው መንገድ ይመለሱ፤ ግን ሥራ ቦታ ሳሉ በ11 ሰዓት አንድ ዳቦ ወይም ቆሎ ይብሉ። ቦታው ያው ነው፣ የተነሳው ርሃቡ ነው። በየትኛው ጊዜ እግርዎ ሳይታጠፍ እንዳለፈ መዝገቡ ይነግርዎታል።

የመብራት መጥፋት እዚህ ላይ ይጠቅማል። መብራት በሌለበት ምሽት ቴሌቪዥኑ የለም፣ ዋይፋዩ የለም፣ የግሮሰሪው ሙዚቃ የለም፤ ሰዓቱና ሰዎቹ ግን አሉ። ያን ምሽት ድርጊቱ ከቀረ ምን አብሮ እንደጠፋ ይመልከቱ። ውሃ የሚመጣበት ሌሊት ከሆነና ጀሪካን ለመሙላት ስልኩ ተረስቶ ካደረ፣ ይህም ይመዝገብ። እጅን በሥራ መያዝ ብቻ በቂ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል።

ሰውም ቀስቃሽ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን በቅንነት ነው። ከሱቁ ፊት ሲደርሱ ባለሱቁ ሳይጠየቅ «ጋሼ፣ እንደተለመደው?» ብሎ ሲጋራውን ያወጣል። ይህን ሰው መሸሽ አያስፈልግም። በጠዋት፣ ሱቁ ጭር ባለበት ሰዓት «ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ካልጠየቅሁህ እንዳታወጣልኝ፤ በዱቤም እንዳትሰጠኝ» ማለት ይበቃል። ማታ ሰው በተሰበሰበበት ከተነገረ ግን እንደ ቀልድ ይወሰዳል።

4. ድርጊቱ ምን እንደሚሰጥዎ በሙከራ ይለዩ

ግሮሰሪው የሚሰጠው አልኮል ብቻ አይደለም። መቀመጫ ይሰጣል፣ ወሬ ይሰጣል፣ ከአለቃና ከትራፊክ ወደ ቤት ከመግባት በፊት ያለ የእፎይታ ጊዜ ይሰጣል። ከእነዚህ የትኛውን እንደሚፈልጉ በማሰብ ስለማይታወቅ ለአራት ምሽት ይፈትኑ። አንድ ምሽት በዚያው በረንዳ፣ ከዚያው ሰዎች ጋር፣ ሻይ ወይም አምቦ ውሃ ይዘዙ። በሌላው ምሽት ሰፈር ውስጥ ብቻዎን 20 ደቂቃ ይቀመጡ። በሦስተኛው በቀጥታ ቤት ገብተው መጀመሪያ ይብሉ። በአራተኛው ከጓደኛ ጋር ሳይቀመጡ እየሄዱ ያውሩ። በእያንዳንዱ ምሽት ከ15 ደቂቃ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ይጻፉ፦ ፍላጎቱ አለ ወይስ ለቋል? በለቀቀበት ምሽት ያገኙት ነገር ነው አመሉ ሲያቀርብልዎ የኖረው።

ስልክና የስፖርት ውርርድ ለብቻ መታየት አለባቸው። ቻርልስ ፈርስተር እና ቢ. ኤፍ. ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት ሥራ እንዳሳዩት፣ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ሽልማት ድርጊትን ከሁሉም በላይ አጽንቶ ያስደጋግማል። አንድ ጊዜ ብዙ «ላይክ»፣ ቀጥሎ ባዶ፤ አንድ ሳምንት የቀናው ትኬት፣ ከዚያ ተከታታይ ኪሳራ። በእነዚህ ላይ «በትንሹ ልሞክር» የሚል ፈተና አይሠራም፤ ትንሹ ራሱ ሽልማት የመጠበቁን ስሜት ይቀሰቅሳል። በውርርድ የሚቸገር ሰው ይህን ደረጃ ዘሎ በቀጥታ ወደ ስድስተኛው ይሂድ።

5. የሐሳብ አመል ከሆነ

እስካሁን ያየነው የእጅና የእግር አመል ነው። ሐሳብም እንደዚሁ ይለምዳል። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ አሮን ቤክ በ1960ዎቹ ከታካሚዎቹ ጋር ሲሠራ፣ ከከባድ ስሜት በፊት በጣም ፈጣን የሆነች አጭር ዓረፍተ ነገር በአእምሮ ውስጥ እንደምታልፍ አስተዋለ። ሰዎች ስሜቱን ያውቁታል፤ ዓረፍተ ነገሯን ግን አያስተውሏትም።

በኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ጎረቤት ሰላም ሳይል አለፈ እንበል። «ንቆኛል» የምትለው ሐሳብ በቅጽበት ታልፋለች፤ የቀረው ቅሬታው ነው። በሚቀጥለው እሑድ የዕድር ስብሰባ «አልተመቸኝም» ተብሎ ይቀራል። ከሁለቱ መካከል ያለውን ግንኙነት ማንም አያየውም፣ ባለቤቱም ጭምር።

ይህን ለመያዝ ስሜት በድንገት በተለወጠበት ቅጽበት ደብተሩን ያውጡ። ሐሳቡን በአእምሮዎ ውስጥ እንደተነገረ ቃል በቃል ይጻፉ። «ተናደድኩ» ስሜት ነው፤ «ንቆኛል» ሐሳብ ነው። ከጎኑ ምን ያህል እንደሚያምኑት ከ0 እስከ 100 ቁጥር ይስጡ። ቀጥሎ የሚደግፈውን ማስረጃ፣ ከዚያ የሚቃወመውን ይጻፉ፤ ማስረጃ የሚባለው ሦስተኛ ሰው ሊያየው የሚችለው ብቻ ነው። ከዚያ ቢያንስ ሁለት ሌላ ትርጉም ይፈልጉ፦ ስልክ እያወራ ነበር፣ ደረጃው ጨለማ ነበር። በመጨረሻ ቁጥሩን እንደገና ይስጡ። ከ90 ወደ 60 ቢወርድ ጥሩ ውጤት ነው፤ ወደ 0 መውረድ የለበትም፣ እንዲወርድ መታገልም አያስፈልግም። ሁለት ሳምንት ከተመዘገበ በኋላ በተለያየ ልብስ የምትመጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ትታያለች፤ በታክሲ ሰልፍ ላይ፣ በቢሮ፣ በቤት፣ ሁሉም ቦታ ያቺው «ንቀውኛል» ልትሆን ትችላለች።

መጥፎ ሐሳብን «አላስብህም» ብሎ ማፈን ግን አይሞከር። ዳንኤል ዌግነር እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ሙከራ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ የታዘዙ ሰዎች ድቡን ከአእምሯቸው ሊያወጡት አልቻሉም፤ እገዳው ሲነሳማ ከሌሎቹ አብልጠው አሰቡት።

ስለ ገንዘብ የምናስብበት መንገድም በአብዛኛው ሳይታወቀን የሚሄድ ነው። ዳንኤል ካህነማን እና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 እንደጻፉት ማጣት የሚሰጠው ሕመም ያንኑ ያህል ማግኘት ከሚሰጠው ደስታ ይበልጣል። ስለዚህ ወጪ የወጣበትን ነገር መተው ያቅተናል፤ በየጊዜው የሚበላሽ ባጃጅ፣ ሦስት ዓመት የተከፈለበት ያልተጀመረ ግንባታ። መፈተሻው አንድ ጥያቄ ነው፦ «እስካሁን አንድ ብር ባላወጣበት ኖሮ ዛሬ ልጀምረው እነሣ ነበር?» መልሱን ከመናገር በፊት በወረቀት ላይ ይጻፉት።

6. ለውጡ

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ መጀመሪያ አካባቢውን፣ ከዚያ ዕቅዱን፣ በመጨረሻ ሰውነትን። አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከሌላ ቦታ ነው፣ ከመሐላ። መሐላ ቀስቃሹን ከቦታው አያነሳውም።

አካባቢ። ስልኩን ማታ በሳሎን ወይም በኩሽና ቻርጅ ያድርጉ፤ ለማንቂያ የሚሆን ተራ ሰዓት ይግዙ። «ለማንቂያ ያስፈልገኛል» የሚለው ሰበብ በዚህ ይዘጋል። ግቢው ሁለት በር ካለው ግሮሰሪው በሌለበት በኩል ይግቡ። በኪስ የሚያዘውን ጥሬ ገንዘብ ለትራንስፖርትና ለዳቦ በሚሆን ልክ ይወስኑ፤ የውርርድ መተግበሪያውን ያጥፉ፤ የቴሌብር ሒሳብዎ ላይም ብዙ ገንዘብ አያሳድሩ፣ የተረፈውን ለዕቁብ ያስገቡ ወይም ለባለቤትዎ ይስጡ። የተለመደው ድርጊት ጥቂት እርምጃ ብቻ ቢጨመርበት ንቁ አእምሮ ለመድረስ ጊዜ ያገኛል።

ዕቅድ። ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳቀረበው «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ተብሎ የተቀመጠ ዕቅድ ከተራ ዓላማ በጣም የተሻለ ይሠራል። «ከሃይገር ስወርድ፣ መንገዱን ተሻግሬ በዳቦ ቤቱ በኩል እገባለሁ፤ ዳቦ ገዝቼ እሄዳለሁ።» የመጀመሪያው ግማሽ በሦስተኛው ደረጃ የተገኘው ቀስቃሽ ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ በአራተኛው የተገኘውን የሚሰጥ ድርጊት ነው። ያገኙት መቀመጥ ከነበረ ዕቅዱ ውስጥ መቀመጫ ይኑር። «አልጠጣም» የሚል ዕቅድ ግን ይበላሻል፤ እግር ምን እንደሚያደርግ አይነገረውም። «ሲመቸኝ»፣ «ከሥራ በኋላ» የሚሉትም ቀስቃሽ አይደሉም፤ የሚታይ፣ የሚሰማ ወይም የሚነካ ነገር መሆን አለበት። ዕቅዱን አንድ ጊዜ በእጅ ይጻፉ፣ ለሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት ጮክ ብለው ያንብቡት።

ሰውነት። ጥፍር መንከስ፣ ፀጉር መንቀል፣ ከንፈር መላጥ ለመሳሰሉት ናታን አዝሪን እና ግሪጎሪ ነን እ.ኤ.አ. በ1973 ያቀረቡት ዘዴ አለ። እጅ ወደ አፍ ለመሄድ ሲነሳ፣ ወይም ፍላጎቱ ሲመጣ፣ ጥፍሩን የማያስነክስ ሌላ እንቅስቃሴ ይደረጋል፤ ጡጫ ጨብጦ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ መያዝ የተለመደው ነው። እንቅስቃሴው በታክሲ ውስጥም ሆነ በቤተ ክርስቲያን ሰው ሳያየው የሚደረግ ይሁን። የቤተሰብ እርዳታም ያስፈልጋል፤ «እስኪ ተዪ! ስንት ጊዜ ልንገርሽ?» ከሚል ጩኸት ይልቅ በስምምነት የተመረጠች አንዲት ረጋ ያለች ምልክት ትሻላለች። ለልጆች ይህ በተለይ አስፈላጊ ነው፤ የሚጮህበት ልጅ አመሉን ይደብቃል እንጂ አይተውም።

7. ስንት ቀን ይወስዳል?

«21 ቀን» የሚለውን በየስልጠናው ሰምተውታል። እርሱን ይተዉት። ፊሊፓ ላሊ እና ባልደረቦቿ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ አዲስ ድርጊት ያለ ማሰብ የሚሠራበት ደረጃ ላይ ለመድረስ መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ነበር፤ ልዩነቱ ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርሳል (ከ12 ሳምንት የሚያልፈው በስሌት የተገመተ ነው)። ውሃ መጠጣትን የመሰለ ቀላል ነገር ቶሎ ይለመዳል፤ የአካል እንቅስቃሴ ይዘገያል። ከዚሁ ጥናት ሌላው ጠቃሚ ነገር አንድ ቀን መዝለል ሥራውን እንደማያበላሸው ነው። «አንዴ አፍርሼዋለሁ» ብሎ ሁሉን መተው መሠረት የለውም።

የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረመዳን 29 ወይም 30። በእነዚህ ጊዜያት ሲጋራና መጠጥ ያለ ብዙ ችግር የሚተዉ ሰዎች ከፋሲካ ወይም ከዒድ በኋላ መመለሳቸው ብዙዎችን ያሳዝናል፣ ራሳቸውንም ያሳፍራል። ምክንያቱ ግን የእምነት ማነስ አይደለም። በጾም ወቅት ሰፈሩ በሙሉ ይለወጣል፤ የሚጋብዝ የለም፣ የሚበላበት ሰዓት ሌላ ነው። ጾሙ ሲፈታ የቀድሞዎቹ ቀስቃሾች ሁሉ በአንድ ቀን ይመለሳሉ። የድሮ አመል እንደማይፋቅ፣ በአዲስ ልምድ ተሸፍኖ እንደሚቆይና በቀድሞ ቦታው እንደሚነሣ ማርክ ቡተን ለብዙ ዓመታት ባደረጋቸው የእንስሳት ሙከራዎች አሳይቷል። ስለዚህ በጾም መተው ለሚፈልግ ሰው ምክራችን የ6ኛውን ደረጃ ዕቅድ በጾሙ መሐል ጽፎ ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ ላለው ሳምንት ማዘጋጀት ነው።

ከበዓል ሌላ አደገኛው ጊዜ የጭንቀት ጊዜ ነው። ላርስ ሽዋበ እና ኦሊቨር ቮልፍ በጀርመን ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ሙከራ የተጨነቁ ሰዎች ከዓላማ ይልቅ በልምድ እንደሚመሩ ታይቷል። የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ሳምንት፣ ለቅሶ፣ የልጅ ሕመም ሲመጣ አዲስ ዕቅድ አይጨምሩ፤ ያለውን ብቻ ይያዙ።

ቤት ሲቀየር

ይህን ለብቻው ያነሳነው ለከተማው ዳር ነዋሪ ከሁሉም የተሻለው አጋጣሚ ስለሆነ ነው። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶለት፣ በልማት ተነሥቶ፣ ወይም ኪራይ ሸሽቶ ከመሐል ከተማ ወደ ዳር የመጣ ሰው ቀስቃሾቹን በአንድ ቀን ትቷቸው መጥቷል። ባስ ቨርፕላንከን እና ዲቦራ ሮይ በእንግሊዝ 800 ሰዎች ላይ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ጠባይ ለመለወጥ የተሰጠ ድጋፍ የበለጠ የሠራው በቅርቡ ቤት በቀየሩት ላይ ነበር፤ መስኮቱም ክፍት የሚቆየው ለሦስት ወር ያህል ነው። ከዚያ በኋላ አዲሱም ቦታ የራሱን አመል ይሠራል።

ስለዚህ ዕቃው ከአይሱዙ ከመውረዱ በፊት ይወስኑ። ከመውረጃው እስከ ቤት በየት በኩል ይገባሉ? ቴሌቪዥኑ መኝታ ቤት ይገባል ወይስ ሳሎን ይቀራል? ከየትኛው ሱቅ ነው የሚገዙት፣ ዱቤስ ይከፈታል? በመጀመሪያው ሳምንት በዱቤ የተወሰደ ነገር እስከ ዓመቱ ድረስ የሚከተል ልማድ ሊሆን ይችላል።

ቤት መቀየር መልካሙንም አመል ይነቅላል፤ ይህን ብዙ ሰው አያስተውልም። ሰፈሩ ሳለ ማለዳ ኪዳን የሚያደርስ፣ ሱብሒን መስጊድ የሚሰግድ፣ ከጎረቤት ጋር ቡና የሚጠጣ፣ ወደ ሥራ በእግሩ የሚሄድ ሰው ከተዛወረ በኋላ «ምን ነካኝ?» ይላል። ከመዛወሩ በፊት እንዲቀጥሉ የሚፈልጋቸውን ሦስት ነገር ጽፎ ለእያንዳንዱ በአዲሱ ሰፈር ቦታና ሰዓት ይፈልግላቸው። ቡናውንም በመጀመሪያው ሳምንት አፍልቶ ጎረቤት ይጥራ፤ ሲቆይ የበለጠ ይከብዳል።

በደብተር የማይያዝ ጉዳይ

በየቀኑ ብዙ አልኮል የሚጠጣ ሰው በድንገት ማቆም የለበትም። መንቀጥቀጥ፣ ማላብ፣ መቃዠት፣ የሚጥል በሽታን የመሰለ መንፈራገጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ሊመጣ ይችላል፤ ሕይወትንም ያሳጣል። ጤና ጣቢያ ሄዶ በሐኪም ክትትል ያቁም። እጁን እስኪቆስል የሚታጠብ፣ በሩን ደጋግሞ ካልፈተሸ መውጣት የማይችል፣ ለሳምንታት ከአልጋ መነሣት ያቃተው ወይም ራሱን ስለማጥፋት የሚያስብ ሰውም እንደዚሁ ሐኪም ያስፈልገዋል። አማኑኤል ስፔሻላይዝድ የአእምሮ ሆስፒታል በመሐል ከተማ አለ፤ በምሥራቅ በኩል ላለ ሰው የካ ኮተቤ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ጸበል የሚጠመቅ ሰው የታዘዘለትን መድኃኒት አያቋርጥ፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

ወደ ሁለተኛው አመል መቼ?

አዲሱ ድርጊት በተለመደ ቀን መሠራቱ ብቻ ምልክት አይደለም። መብራት በጠፋበት፣ ዝናብ ጥሎ ታክሲ በታጣበት፣ ደክመውና ተናደው በመጡበት ምሽት ዕቅዱን ሳያስቡት ዳቦ ቤቱ በር ላይ ራስዎን ካገኙት አዲሱ አመል ሥር ሰዷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ምሽት ሦስት ጊዜ ሲመዘገብ በደብተሩ አዲስ ገጽ ላይ ቀጣዩን ድርጊት ይጻፉ፤ ከዚያ በፊት አይቸኩሉ። የመጀመሪያውን ደብተርም አይጣሉት። የቀድሞው ድርጊት ከወራት በኋላ ብቅ ካለ የሚነሣው በአብዛኛው በዚያው በተመዘገበው ቀስቃሽ በኩል ስለሆነ፣ ከሦስተኛው ደረጃ ያገኙትን ገጽ ገልጦ ማየት እንደገና ከመጀመር ያድናል።